ጤና አዳም አቃጠለኝ ስላቸው ማንም አላመነኝም

ግራ ክንዴ ላይ ከክርኔ ትንሽ ወረድ ብላ አንዲት ቡናማ መስመር አለች። አሁን ደብዝዛለች፣ እኔ ካላሳየኋችሁ አታዩዋትም። አምና ግን ሰው ሁሉ እጄን ይዞ "ምን ሆነሽ ነው? ዘይት ነው? ካውያ ነው?" ይለኝ ነበር፣ "አይ ጤና አዳም ነው" ስል ደግሞ ይስቅብኛል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬማ "ስሙ ላይ ጤና ያለበት ነገር እንዴት አድርጎ ያቃጥላል" ብሎ ቢሮውን በሙሉ አሳቀብኝ። አልፈርድበትም፣ ክንዱ የሱ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

የምጽፈው ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። በዚች መስመር ምክንያት ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ መፍራት የሌለብኝን ነገር ስፈራ፣ መፍራት ያለብኝን ደግሞ በሁለት እጄ ስጨምቅ ኖሬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የኔን አይታ የሷንም እንደኔው ነው ብላ ዋጋ ከፈለች። ሁሉም የመጣው "አለርጂ" ከምትባል አንድ ቃል ነው። ሲያሳክከን አለርጂ፣ ሲያስነጥሰን አለርጂ፣ ሲያቃጥለን አለርጂ፣ ሰውየውን ካልወደድነውም አለርጂ ሆኖብኛል እንላለን።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ቤተሰቦቼ ግን ደምበጫ አካባቢ ናቸው። አምና የታናሽ እህቴ ሠርግ ለዳግማ ትንሣኤ ስለነበረ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ፋሲካን እዛው ዋልኩ። እናቴ ጓሮ ያለው ጤና አዳም መቼም ዛፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። የጎረቤት ልጅ ሁሉ ቡና ሲፈላ "ጤና አዳም ስጪኝ ብላሻለች" እያለ ይመጣል፣ እኛ ዘንድ ያለሱ ቡና ቡና አይባልማ። (አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ "ቡናውን መድኃኒት መድኃኒት አስሸተታችሁት" ይላሉ፣ አይሰማም።) እና ይሄ ጤና አዳም ዳሱ የሚተከልበት ቦታ ላይ ተንሰራፍቶ ስለነበር እናቴ ግማሹን ቁረጪልኝ አለችኝ።

አያቴ መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ማጭድ ይዤ ስወጣ ቀና ብለው አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ፀሐይ ነው የምትነኪው? ጤና አዳም በማለዳ ነው፣ ወይ ደሞ ሲመሽ። ምች ይመታሻል" አሉኝ። እሺ እማማ ብዬ ወጣሁ። እማማ መቼም ለሁሉም ነገር ምች ናቸው፣ ሽሮ አብስለሽ ሳትታጠቢ አትውጪ ምች ነው፣ ቅቤ ተቀብተሽ ፀሐይ አትሙቂ ምች ነው፣ ሽቶ ነስንሰሽ መንገድ አትሂጂ ምች ነው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሬ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ቆረጥኩ። እጅጌ የሌለው ቲሸርት ነው የለበስኩት። የቆረጥኩትን በግራ ክንዴ እየታቀፍኩ አጥሩ ሥር እወረውራለሁ፣ ላቤ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ይጨፈለቃል፣ ሽታው ራሴን ሊያዞረኝ ደረሰ። ከዛ ታጠብኩ? አልታጠብኩም። እጄን ለቅለቅ አድርጌ ቡና ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ምንም የለም። በነጋታውም እስከ ከሰዓት ምንም የለም። ወደ ማታ ክንዴን ሞቅ ሞቅ አለኝ፣ እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ጧት ስነሳ ውሃ ቋጥሯል። አቋጠሩ ደግሞ ዝም ብሎ እዚህም እዚያም አይደለም፣ መስመር ነው የሠራው፣ ቀጥ ያሉ ረጃጅም መስመሮች፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የተሻገሩ፣ በጅራፍ የተገረፍኩ ነው የምመስለው። አንዱ ቦታ ላይማ የቅጠሉ ቅርጽ ራሱ ይታያል። አያሳክክም ነበር፣ ያቃጥላል እንጂ። ይሄን ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሠርግ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዷ "ምች ነው" አለች፣ አንዷ "ሸረሪት ሸንቶብሽ ነው" አለች፣ የአባቴ ወንድም አልማዝ ባለጭራ ነው ብለው ደመደሙ፣ አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሙሽራዋን ሊያገኟት ፈልገው አንቺን አገኙሽ" አሉኝ፣ እንግዲህ ቡዳ ማለታቸው ነው። አስቂኙ ነገር የቡዳ መድኃኒቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጤና አዳም! ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠው ይዘውልኝ መጡ። ጤና አዳሙን እንኳ ራሴን ይዤ እምቢ አልኩ።

ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባሁ፣ እሱ መቼም ሽታው ደስ ይላል። የከፋው ሽንኩርቱ ነው። ጎረቤታችን "ነጭ ሽንኩርት ጀርም ይገላል፣ እንዳያመረቅዝ ይህን ልሰርልሽ" ብለው ደቁሰው የፈነዳው ላይ አስቀመጡና በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩት። እኔም ተፈጥሮ አይደል ምን ያደርጋል ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እሳት የተቀመጠብኝ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። ጨርቁን ስፈታው ሥጋው ነጭ ሆኗል። ጤና አዳሙ ያደረሰብኝ ጉዳት ደብዝዞ ሊጠፋ ነው፣ ሽንኩርቱ ግን የሃምሳ ሳንቲም የምታክል ለስላሳ ጠባሳ ትቶልኝ አልፏል፣ እሷ የትም አትሄድም። በኋላ እንደተረዳሁት ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚወጣው ሰልፈር ያለበት ኬሚካል ቆዳ ላይ ታስሮ ካደረ የማንንም ሰው ቆዳ ያቃጥላል፣ የሕፃን ልጅ ከሆነማ በጥቂት ሰዓት ነው። ፌጦም ተወቅጦ በጨርቅ ሲታሰር እንደዛው ነው፣ ያ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ነገር ቆዳንም አይምርም። መብላትና ማሰር ለየቅል ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ከተማ ወጥቼ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። እዛ ያየኝ ባለሙያ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። "ምን ነክተሽ ነበር?" አለኝ፣ ነገርኩት፣ "አለርጂ ነው፣ ጤና አዳም አይስማማሽም፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪው እንዳትጠጪው" ብሎ ሴትሪዚን የሚባል የአለርጂ ክኒንና ቅባት ጻፈልኝ። ፀሐይ የሚል ቃል አልወጣውም። እኔም አመንኩ። ቡናዬን ያለ ጤና አዳም መጠጣት ጀመርኩ። ይሄ ለጎጃም ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብደኛል፣ ቤት ስሄድ እናቴ የኔን ስኒ ለብቻ ታስቀምጣለች፣ እንግዳ ሲያይ "ምነው ጦም ነው እንዴ" ይላል።

እንዲህ እያልኩ ጥር ደረሰ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀመጥን። ጥላ ያለው ቦታ ተይዞ ስለነበር ፀሐዩ ላይ ነው ያገኘነው፣ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ። የዓሣ ጥብስ ያለ ሎሚ አይሆንም፣ ለሁሉም ሰው ሎሚ የምጨምቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ በጣቶቼ መሃል እየፈሰሰ በአንጓዬ እየወረደ። በሶፍት ጠረግ አድርጌ ሌላ ሎሚ አነሳለሁ። ሰኞ ጧት ቢሮ ገብቼ ኪቦርድ ላይ እጄን ሳስቀምጥ የቀኝ እጄ ጀርባ ቀልቷል። ማክሰኞ ውሃ ቋጠረ፣ በጣቶቼ መሃል፣ ከዛ በአንጓዬ ላይ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ሁለት መስመር ሠርቶ። ጤና አዳም የሚባል ነገር ከነካሁ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል።

አሁን ደነገጥኩ። የቆዳ ስፔሻሊስት ፈልጌ ሄድኩ። ሐኪሟ እጄን አገላብጣ አየችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሎሚ ጨምቀሻል?" ብላ ነው። እንዴት አወቀች ብዬ ነገሩን ሁሉ ከጤና አዳሙ ጀምሬ አጫወትኳት። ሳቀች። "ያንቺ ነገር አለርጂ አይደለም፣ ብርሃን ነው" አለችኝ።

እሷ ካስረዳችኝና እኔ ከዛ በኋላ ካነበብኩት የገባኝ እንዲህ ነው። ጤና አዳምና ሎሚ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚመደቡት። ሁለቱም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፣ ከነሱ ታዋቂው ሶራሌን ነው። ይሄ ነገር ጨለማ ውስጥ ቆዳችሁ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይላችሁም። አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር፣ ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው፣ ሲያገኘው ግን ይነቃና ከቆዳ ሴላችን ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፣ ሴሉ ይጎዳል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ መቅላት ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ለዛ ነው የመጀመሪያው ቀን ምንም ያልተሰማኝ። ለዛ ነው ቅርጹ መስመር የሆነው፣ ጭማቂው የነካበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚነሳ። ይሄ ጨረር ደግሞ በመስኮት መስታወት በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ ነኝ ብሎ ነገር የለም።

ዋናው ነጥብ፣ ይሄ የማንንም ሰው ቆዳ ያደርገዋል። በሽታ ተከላካያችን ምንም የተሳሳተው ነገር የለም። በቂ ጭማቂ፣ በቂ ፀሐይ፣ አለቀ። የፈለገ ጠንካራ ሰው አምጡና ክንዱን በጤና አዳም አሽታችሁ ቀትር ላይ አስቀምጡት (አታድርጉት እንጂ) ያቃጥለዋል። እና እኔ ስኒ ውስጥ የሚነከር አንድ ዘለላ ስፈራ ኖሬ ጥፋተኛው ፀሐዩ ነበር። በነገራችን ላይ ስኒዋ ሌላ ነገር ነው፣ እርጉዝ ሴት ግን ጤና አዳምን በብዛት ጨምቃ መጠጣት የለባትም፣ ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ይሄ ከቆዳው ጋር የማይገናኝ የራሱ የሆነ አደጋ ነው።

ቡናማው ምልክት ለምን ወራት እንደሚቆይም ጠይቄያት ነበር። ያው ሶራሌንና ጨረሩ ተባብረው ቆዳ ቀለም እንዲያመርት ስለሚቀሰቅሱት ነው። እንዲያውም ሐኪሞች ይህንኑ ነገር አውቀው ይጠቀሙበታል፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ሶራሌን አስውጠው ወይ ቀብተው በተለካ ጨረር ለምጽንና ሶሪያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ ያክማሉ። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ከዛ በፊት ገና ድሮ ሶራሌን ያለበትን የአባይ ዳር ተክል ለምጽ ላይ አድርገው ፀሐይ ያሞቁ ነበር። እኔ ያለ ሐኪም ያለ ልክ ጓሮ ውስጥ ራሴን አክሜያለሁ ማለት ነው።

ቤት ስደርስ ግን በአእምሮዬ የተመላለሰው ሐኪሟ ያለችው አልነበረም። እማማ ናቸው። በማለዳ ነው ወይ ሲመሽ። ሽታ ያለው ነገር ነክተሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ። እማማ ዲኤንኤ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ግን ነገርዬው ጭማቂው ብቻ እንዳልሆነ፣ ፀሐዩም ብቻ እንዳልሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያየኝ ሰውዬ ያላወቀውን። በርግጥ ምች ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው እያልኩ አይደለም። ከንፈር ላይ የሚወጣውንም ምች እንለዋለን፣ እሱ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፣ ሽሮ አያመጣውም። ግን እሱም ቢሆን ፀሐይ ሲመታው እንደሚቀሰቀስ የታወቀ ነው። ፀሐዩ ላይ አልተሳሳቱም።

የአክስቴ ልጅ ነገር ነው አሁን የሚያናድደኝ። ከአዲስ አበባ ለሠርጉ መጥታ ነበር። የእህቴ እንሶስላ ቀን ሴቶቹ ሥሩን ልጠው ወቅጠው አዘጋጅተዋል፣ ሙሽራዋ እንሶስላ ትሞቃለች፣ መዳፏና እግሯ ላይ ተደርጎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል፣ ጧት ሲፈታ ደማቅ ቀይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እጅሽ ታስሮ መተኛት፣ ሰው ውሃ ሲያጠጣሽ፣ አፍንጫሽን ሲያክልሽ፣ የሠርግ ግማሹ ደስታ እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን "ማን ያድራል እንዲህ ታስሮ፣ እኔ ሂና አለኝ" ብላ ከቦርሳዋ ትንሽ ኮን አወጣች። ጥቁር ሂና። ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀባት፣ እጇ ጀርባ ላይ አበባ ሣለች፣ ጥቁር የድንጋይ ከሰል የመሰለ፣ የሚያምር። እውነተኛ ሂና ግን እንዲህ አይጠቁርም። የሂና ቅጠል ቀለሙ ብርቱካናማና ቀይ ቡናማ ነው፣ ሰዓታት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት የሚጠቁረው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ፓራፊኒሊንዲያሚን ይባላል፣ ባጭሩ ፒፒዲ። ኮኑ ላይ ግን የተፈጥሮ ነው ብሎ ነበር የተጻፈው፣ ቅጠል ሁሉ ተሥሎበታል።

ከዛ በፊት በነበረው ዓመትም ለጓደኛዋ ሠርግ ተሥላው ምንም አልሆነችም። አሁን ግን በሁለተኛው ቀን ማሳከክ ጀመራት። ልብ በሉ፣ የኔ አቃጠለ፣ የሷ አሳከከ፣ እንቅልፍ እስክታጣ። ከዛ ያ አበባ እንዳለ አበጠ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ተነፍተው ውሃ ያዙ፣ በጣት ብትነኩት ሥዕሉ ይዳሰሳል። እኛ ቤት ደግሞ የኔ ክንድ ስለነበረ ሁሉም ሰው "ሁለታችሁንም አንድ ነገር ነው ያገኛችሁ፣ ፀሐይ ነው ምች ነው" አለ፣ እሷም ሲድንላት ረሳችው። የኔን አለርጂ አሉት፣ የሷን ቃጠሎ አሉት፣ ሁለቱንም ገልብጠው።

የሷ ነበር እውነተኛው አለርጂ። አለርጂ ማለት ሰውነት አንድን ነገር መጀመሪያ ሲያገኘው ይመዘግበዋል፣ ዝም ይላል፣ በሌላ ጊዜ ትንሽ ሲያገኘው ግን እንደ ጠላት ይነሳበታል። ቃሉን ራሱን እ.ኤ.አ በ1906 ያወጣው ቮን ፒርኬ የሚባል የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው፣ ሐሳቡም ይሄ ነበር፣ ሰውነት ከመጀመሪያው ግንኙነት በኋላ ምላሹን ይለውጣል ማለት። እኛ "ሰውነቴ ተቆጣ" የምንለው ነገር ደስ ይለኛል፣ ቁጣ ነውና፣ የሚያስታውስ ቁጣ። ዓመት ቢሞላው አይረሳም። የአክስቴ ልጅ በነሐሴ ለአዲስ ዓመት ብላ ፀጉሯን ጥቁር ቀለም ተቀባች፣ በነጋታው ግንባሯ አበጠ፣ ከዛ ዓይኖቿ ተደፈኑ፣ ፎቶ ስትልክልኝ አላወቅኋትም። የፀጉር ቀለሙ ውስጥም ያው ፒፒዲ ነበረ። እጇ ላይ በተሣለች አበባ ምክንያት አሁን ዕድሜ ልኳን የፀጉር ቀለም በጥንቃቄ መምረጥ አለባት፣ አንዳንድ የማደንዘዣ ቅባቶችም ከሱ ጋር ዝምድና ስላላቸው ለሐኪም ሁሉ መናገር አለባት።

እሷን የመረመሯት ጀርባዋ ላይ ትናንሽ ፕላስተሮች ለጥፈው ነው፣ እያንዳንዱ ሥር የተለያየ ነገር ጠብታ አለ፣ 48 ሰዓት ሳትታጠብ ቆይታ ይነሳና ይታያል፣ ከዛ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይታያል፣ ቆይቶ የሚነሳ አለ። ይሄ ምርመራ ያዳሶን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ በ1895 ያስተዋወቀው ነው፣ እስካሁን ከዛ የተሻለ አልመጣም። የፀጉር ቀለም ፓኬት ላይ ከ48 ሰዓት በፊት ትንሽ ሞክሩ ብሎ የሚጽፈውም ለዚሁ ነው፣ ማናችንም ብናነበው አይደል። ጥቁር ሂና ተሥላችሁ ምንም አለመሆናችሁን ደግሞ እንደ ሙከራ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፣ የመጀመሪያው ዝም ማለቱ መመዝገቡ ሊሆን ይችላል።

ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ደግሞ ሦስተኛውን ዓይነት አስተማረን። የጓሮውን አጥር ሲያስተካክል የቅንጭቡን ቅርንጫፍ በገጀራ ሲመታው ነጩ ወተት ዓይኑ ውስጥ ተረጨ። ቶሎ በውሃ ቢታጠብ ኖሮ፣ እሱ ግን በቲሸርቱ ጠርጎት ሥራውን ቀጠለ። ማታ ላይ ዓይኑን መግለጥ አቃተው፣ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። ጤና ጣቢያ ሄዶ በብዙ ውሃ አጥበው ጠብታ ሰጡት፣ ሳምንት ገደማ ፈጅቶበት ዳነ፣ እግዜር ይመስገን፣ ምክንያቱም የቅንጭብና የቁልቋል ወተት የዓይንን ብሌን ሽፋን ያቆስላል፣ ካልታከመ ማየትን እስከመቀነስ ይደርሳል። እሱም አለርጂ አይደለም፣ መርዝ ነው፣ ሁሉንም ሰው ያቃጥላል። ሳማም እንደዛው ነው፣ ልጅ ሆነን እግራችንን ሲለበልበን ፀጉሮቹ እንደ መርፌ ገብተው ሂስታሚን የሚባል ነገር እየወጉን ነው፣ አለርጂ ሲነሳ ራሳችን ሰውነት ውስጥ የሚለቀቀውን ያንኑ ነገር ሳማው ከውጭ ያመጣልናል። ግን የተቀቀለ ሳማ በጥጋብ ይበላል፣ ሙቀት መርፌውን ያረግፈዋል።

ግብጦን ሳልናገር ብተው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ምክንያቱም ቆዳ ላይ የሚቀር ነገር አይደለም። በሠርጉ ቀን ከአረቄ ጋር ግብጦ በሰፌድ ይዞር ነበር። ግብጦ እኛ ዘንድ ያለውን ልፋት ታውቁታላችሁ፣ ተቆልቶ፣ በጆንያ ተደርጎ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ከርሞ ምሬቱ ሲወጣለት ነው የሚበላው። ያ ምሬት አልካሎይድ የሚባል ኬሚካል ነው፣ በደንብ ካልወጣ አፍ ያደርቃል፣ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያፈዛል። ይሄን ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው ሌላውን ነው፣ ግብጦ ከለውዝ ጋር ዝምድና አለው፣ ለውዝ የማይስማማው ሰው ግብጦም ሊያስነሳበት ይችላል፣ ምሬቱ ቢወጣም ባይወጣም፣ ፕሮቲኑ ውስጥ ነው ያለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2006 መጨረሻ ላይ ግብጦን ማሸጊያ ላይ የግድ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ምግቦች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ያን ቀን ለአንድ ከከተማ ለመጣ የ4 ዓመት ልጅ በእጄ ግብጦ ሰጥቼዋለሁ፣ እናቱ ከኋላ "ለውዝ አለበት እንዴ? እሱ ለውዝ አይችልም" ስትል "ኧረ ግብጦ ነው፣ የጓሮ ነገር ነው" አልኳት በኩራት። ልጁ ቀመሰውና ፊቱን አጨማዶ ቀሚሴ ላይ ተፋው። ያኔ ተናድጄበት ነበር። አሁን ሳስበው ሆዴ ይንቦጨቦጫል።

ምክንያቱም እንዲህ ያለው አለርጂ እንደ ሂናው ሁለት ቀን አይጠብቅም፣ በደቂቃዎች ነው። ከንፈር ምላስ ያብጣል፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ትንፋሽ ያፍናል፣ ያስመልሳል፣ ሰውዬው ይዝለፈለፋል። እንዲህ ሲሆን ዳማከሴ አይሠራም፣ ሴትሪዚንም አያድንም፣ የሚያድነው ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፣ ጋደም አድርጎ (ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ቀና አድርጎ) ባገኙት መኪና ቅርብ ያለ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። እኛ ሰፈር ሆኖ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ነበር የምንወቅጠው። እና መኪናው ሳይፈለግ ሰዓቱ ይሄድ ነበር።

ዘንድሮ ፋሲካን ደግሞ ቤት ነበርኩ። ጤና አዳሙ እንደገና ወገቤ ላይ ደርሷል። እናቴ ሳትጠይቀኝ ቆረጥኩት፣ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የወንድሜን ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሼ፣ እጄ ላይ ፌስታል አስሬ፣ ስጨርስ ደግሞ በሳሙና እስከ ክርኔ ታጥቤ። እማማ መደባቸው ላይ ሆነው ፌስታሉን እያዩ ይስቃሉ። ቡናው ፈልቶ ነበር፣ ስኒዬ ውስጥ አንድ ዘለላ ነከርኩ።

"ምች አይደለም ብለሽ የለ፣ እኮ ስሙ ማን ነው?" አሉኝ።

"ፋይቶፎቶደርማታይተስ ይባላል እማማ።"

ስኒያቸውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ። "አንቺ እሱን ጠርተሽ እስክትጨርሺ ምቹ ይመታሻል" አሉኝ።